ጠቀሰ እንጂ መቼ ቆረሰ!

«ሰባኪው እሳት ነው! ሕዝቡ ደግሞ ትምህርት አይደለም የሚፈልገው፤ መነካት ነው!»

ይህን ያልከው አንተ ነህ ወንድምዓለም። አራት ኪሎ፣ ጀበና ቡናው ዘንድ፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብለህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። መልሱንም ሰው ሁሉ እየሰማ ትቀበላታለህ። ይኸው ሊስትሮው ብሩሹን አስቀምጦ ጆሮውን ቀስሯል። ጋዜጣ የሚያከራየው ልጅ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቷል። እማማ ጀበናቸውን እንዳዘነበሉ ቀርተዋል። ቡናህ ገና አቦል ስለሆነ የትም አትሄድም። በል ያዝ!

እሳት ነው አልክ። እሳት መሆኑን ማን ካደ? ምን ተጥዶበታል ነው ጥያቄው! ሁለት ሰዓት ሙሉ ነደደ፣ ተንቀለቀለ፣ ሞንታርቦው እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ። ድስቱን ከፍተን ብናይ ውሃ እንኳ የለበትም። ምእመኑ ሞቆት ወጣ እንጂ በልቶ አልወጣም።

መነካት ነው አልክ። መነካት ከሆነማ ከመርካቶ በታክሲ ተጋፍቶ የመጣ ሰው ሁሉ ተነክቷል፤ ኪሱ ሳይቀር!

ድምፁ ኃይል አለው አልክ። እዚያ ማዶ የቆመውን ወያላ ታየዋለህ? «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ ፒያሳ!» ይላል። ድምፁ ከሰባኪህ አያንስም፤ ማይክ የለውም፣ ኪቦርድም አያጅበውም። ግን አንድ ነገር አለው፤ የሚሄድበትን ያውቃል። ፒያሳ ብሎ ጠርቶ ፒያሳ ያወርድሃል። ያንተው ሰው ከዘፍጥረት ይነሣል፣ በሰፈር ወሬ ይታጠፋል፣ የውጭ አገር ጉዞውን ተርኮ ይመለሳል፣ ከዚያ «አሜን በሉ!» ብሎ መሀል መንገድ ላይ ያራግፍሃል። የት ነው የወረድከው? «ወራጅ አለ» እንኳ ሳትል!

«ይጠቅሳል እኮ! በአንድ ስብከት አርባ ጥቅስ ይጠቅሳል!»

አዎ ይጠቅሳል። እኔም አይቻለሁ። ወጥ እንደሚጠቅስ ሰው ነው የሚጠቅሰው። ከኢሳይያስ ጫፍ ነካ፣ ከዳዊት ዳር ነካ፣ ከራእይ ጣቱን ላሰ፣ ተነሣ። እንጀራውን ማን ይቁረስ? ሌላም አጠቃቀስ አለ፤ በዓይን። መጽሐፉን ከሩቅ ጠቀስ ያደርገዋል፤ መጽሐፉ ግን የሚያውቀው ሰው ስላልሆነ ዞር ብሎም አያየው። ጥቅስና ጥቅሻ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው፤ ሰባኪህ እዚያች ፊደል ጋ ሳይደርስ ነው ትምህርቱን ያቋረጠው።

መጥቀስ ብቻውን እውቀት ቢሆን ዲያብሎስም ሊቅ ነበር። በመቅደሱ ጫፍ ላይ ጌታን አቁሞ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሷል እኮ! በቃሉ! መጽሐፍ ሳይገልጥ! የጠቀሰው መዝሙር እውነት ነው፤ ውሸቱ ያለው ያዋለበት ቦታ ላይ ነው። ጌታም የመለሰለት ከኦሪት ዘዳግም ነው፤ ጥቅሱን በቦታው እያዋለ። ስለዚህ ጥቅስ ቆጥረህ አትምጣብኝ። ቆጠራው ውስጥ ማን ማን እንዳለ አይተሃል።

ደግሞ ምዕራፉን ጠይቀው፤ ይንተባተባል። ቁጥሩን ጠይቀው፤ ያኔ አፉ ይፈታል። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን ከነቅርንጫፉ ይነግርሃል።

«ቅባት አለው!» አልክ። ይኸው እንግዲህ። ስብከቱ ስብ፣ ቅባቱ ቅባት፤ እህሉ የታለ? ስብ በቅባት ጠብሰህ ብታበላኝ ያው ኮሌስትሮል ነው።

«እሱ ትምህርት ቤት ምን ያደርግለታል? መንፈስ ነው የሚያስተምረው!»

እስቲ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ክፈት። ስልክህ ላይ አለ፤ ቲክቶኩን ዝጋና። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ፣ የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያለ በጅሮንድ፣ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነባል። ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ፊልጶስ የሰማው ለዚያ ነው። ፊደል አያቅተውም። ገንዘብ አያቅተውም። መጽሐፉም በእጁ ነው፤ በዚያ ዘመን ጥቅልል መጽሐፍ ይዞ መንገድ መሄድ ለሁሉ የሚሆን አልነበረም። ግን አልገባውም። አልገባኝም ብሎም አመነ፤ ያንን ሁሉ ሥልጣን ይዞ! እንግዲህ መንፈስ ቅዱስ ምን አደረገ? በጆሮው ሹክ ቢለው ማን ይከለክለው ነበር? አላለውም። አስተማሪ ላከለት! ያውም በእግሩ ሮጦ ሠረገላ የሚደርስ አስተማሪ!

ልብ በልልኝ። መንፈስ ቅዱስ ሰውን ወደ ትምህርት ሲያስሮጥ መጽሐፉ ይናገራል። ሰባኪህ ደግሞ «መንፈስ ነግሮኛል» እያለ ከትምህርት ሲሮጥ እናየዋለን። ሁለቱ በመንገድ ሲተላለፉ ሰላምታም የተለዋወጡ አይመስለኝም። ነቢይ ነኝ ለማለት እኮ መጀመሪያ አንባቢ መሆን ነበር!

አሁን ወደምወዳት ልምጣ። ኤርምያስ 29፣ ቁጥር 11። ታውቃታለህ። የምረቃ ኬክ ላይ ተጽፋለች፣ ታክሲ መስታወት ላይ ተለጥፋለች፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ መድረክ ላይ ትጮኻለች። እግዚአብሔር ለእናንተ ያሰበው መልካም ነው የምትለዋ። ሰባኪህ ይይዛትና «ዘንድሮ ያንተ ዓመት ነው! በሦስት ወር ውስጥ! ተቀበል!» ይላል። አንተም እጅህን ትዘረጋለህ። ቀጥሎ «ለጎረቤትህ ‹ጊዜህ ደርሷል› በለው!» ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ትናንት ከሥራ የተሰናበተ ነው። ምንህ ደረሰ ልበለው? ደግሞስ ሊሰብክ የመጣው እሱ፣ የሚሰብከው ሕዝቡ! እኔ ካስተማርኩለት አበሉንም ለሁለት እንካፈል!

ከዚያች ጥቅስ ሦስት ቁጥር ብቻ ወደ ላይ ውጣ። ሦስት ደረጃ አያደክምህም። ቁጥር 8 ላይ ምን አለ? በመካከላችሁ ያሉ ነቢያት እንዳያታልሏችሁ የሚል ማስጠንቀቂያ! ሰባኪህ የዘለላት ቁጥር እሱን ነበር የምትፈልገው። ወደ ታች ስትመለስ ቁጥር 10 ላይ ደግሞ ዘመኑ ተጽፎልሃል፤ 70 ዓመት። ሦስት ወር አይደለም፤ ሰባ ዓመት!

ነገሩ ደብዳቤ ነው ጌታው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ሆኖ፣ ናቡከደነፆር ባቢሎን ላወረዳቸው ምርኮኞች የላከው ደብዳቤ። ምን ይላል? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፤ ቶሎ አትመለሱም። ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት ሽማግሌዎች አገሩን ዳግም ለማየት የበቃ ቢኖር ጥቂት ነው። እንግዲህ መልካሙ ሐሳብ የተነገረው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ሞታቸውን በባዕድ አገር ለሚጠብቁ፣ ግን ልጆቻቸው እንደሚመለሱ አውቀው ዛፍ እንዲተክሉ ለተነገራቸው። ይህን ሳይቆርጥ ያስተማረህ ሰው ቢኖር እኮ ያ ከሥራ የተሰናበተው ጎረቤቴ እውነተኛ መጽናኛ ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር! ዘንድሮ ባይሆንም እግዚአብሔር አልረሳኝም ብሎ ያድር ነበር። እናንተ ግን የሰባ ዓመት ተስፋ ነጥቃችሁ የሦስት ወር ቀጠሮ ሰጣችሁት። ቀጠሮው ሲያልፍ የሚሸሸው ከእናንተ ብቻ መሰለህ? ከመጽሐፉም ነው የሚሸሸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

«በሦስት ወር»ስ ከየት መጣች? አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ገልብጥ፤ 28። ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ፣ የገባዖን ሰው። በእግዚአብሔር ቤት፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል አለ። ኤርምያስ አንገቱ ላይ የእንጨት ቀንበር አድርጎ ነበር። ሐናንያ ቀንበሩን ወስዶ በሕዝቡ ፊት ሰበረው። ትዕይንቱ ይታይህ! ካሜራ ቢኖር ኖሮ ስንት ሺህ ሰው ያጋራው ነበር! ኤርምያስ ደግሞ ጠብ አላነሣም፤ አስቀድሞ አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ ብሎ፣ እውነቱ በፍጻሜው እንደሚታይ ተናግሮ ነበር፤ ቀንበሩ ሲሰበርም መንገዱን ሄደ። በኋላ ቃል መጣለት፤ የእንጨቱ ቀንበር በብረት ተተካ። ሐናንያ ያን ሁሉ የተናገረው በአምስተኛው ወር ነው። በሰባተኛው ወር ሞተ። ሁለት ዓመት ያለው ሰው ሁለት ወር ቆየ!

ሰባኪህ የኤርምያስን ጥቅስ በሐናንያ አፍ ነው የሚያነብልህ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። ያ ባለላም እንኳ ካንተ ይሻላል፤ ለሰማይ ላሙ የመኖ ብር አላከም!

ሁሉን እችላለሁ የምትለዋንም አንሣና ልጨርስልህ፤ ፊልጵስዩስ 4፣ ቁጥር 13። ባጃጅ ላይ ተለጥፋ አይቻታለሁ፤ ባጃጁ ዳገቱን አልቻለም። ጳውሎስ የጻፋት ታስሮ ነው። ከፍ ብለህ ብታነብ መራብንም መጥገብንም ለምጃለሁ ነው የሚለው። እሱ ረሃብን እችላለሁ አለ፤ ሰባኪህ መርሴዲስ እችላለሁ ብሎ አነበበው።

ቶናው ደርሷል። ጠጣ፤ ይበርድብሃል። እኔ ገና አልበረደልኝም።

«እኛ እኮ ጥንታውያን ነን! የአባ ገሪማ ወንጌል ያለን!»

አለን፣ እሰየው! ዓድዋ አጠገብ በገዳሙ ተቀምጧል፤ ብራናው ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠራ መሆኑ ታውቋል። ግን ጥንታዊው ወንጌሉ ነው፤ አንተማ የትናንት ልጅ ነህ። የአያትህ ማረሻ ቤትህ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ጤፍ ይበቅልልሃል? ገለጥከው ወይ ነው የምልህ። መሳለምህንማ አይቻለሁ፤ ከደጅ ተሳልመህ ከደጅ ነው የተመለስከው።

ጥንትን ከጠራህ አይቀር የጥንቱን አስተማሪ ልጥራልህ። የኔታን ታውቃቸዋለህ? ተማሪያቸው ሕፃን ሆኖ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ የመንደሩን ውሻ በበትር እየመከተ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሽ ይለምናል። ዋሸራ ሄዶ፣ ጎንጅ ሄዶ፣ ዋድላ ሄዶ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መጽሐፍ ቤት የሚገባው። መጽሐፍ ቤቱም አራት ክፍል ነው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። አንዱን ለማደላደል ብቻ ዓመታት ይፈጃል።

ሰባኪህን በእነዚህ አራቱ ልመዝነው? ከብሉይ «ብሉ!» የምትለዋን ብቻ ወሰደ። ሐዲስ አልተማረም፤ አዲስ ነገር ግን በየሳምንቱ ያመጣል። ሊቃውንትን አያውቃቸውም፤ ሊቀ ጠበብት ነኝ ይላል። መነኮሳትን ተወው፤ ጾም ሲነሣበት ራሱ ይጾመዋል፤ ርዕሱን ማለቴ ነው። እነሱ ቅኔ ቆጠሩ፤ እሱ ብር ቆጠረ። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ከሆነችው ከትንሿ። ሰባኪህ እዚያች ጋም አልደረሰም፤ ጉባኤ አለው፣ ቃና የለውም!

ጉባኤው ሲዘረጋ አይተህ ቢሆን! የኔታ በመደብ ተቀምጠዋል። ተማሪው ከግዕዙ አንዲት ሐረግ ያነባል። አንዲት ብቻ! የኔታ ያቆሙታል፤ ይተረጉሙለታል። «አንድም» ይላሉ፤ ሌላ መንገድ ይከፍቱለታል። ደግሞ «አንድም»። መሀል ላይ «ለምን ቢሉ» ብለው ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ። ተናጋሪው ማን ነው? ለማን ነው የተናገረው? በምን ምክንያት ነው? ከላይ ምን አለ፣ ከታች ምን አለ? ማታ ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር ጨለማ ውስጥ ያንኑ ይከልሳል፤ የሳተ እንደሆነ ጓደኛው ያርመዋል። የኔታ «አንድም» ይላሉ። ያንተ ሰው ግን አንድም አያውቅ!

ይህን አንድምታ ሮጀር ካውሊ የሚባል የእንግሊዝ ቄስ እዚህ አገር መጥቶ ከኛ ሊቃውንት ተምሯል። ተምሮም በ1983 እና በ1988 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሁለት ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። እንግሊዙ ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ አንተ አስፋልት መሻገር አቅቶህ ነው? ከዚህ ከዱካህ ተነሥተህ ጥቂት ብትራመድ ቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ሆኖ የኖረውን ግቢ ታገኛለህ። ደርግ በሩን ዘጋው፤ በኋላ ተከፈተ። ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያትመው ብርሃንና ሰላምም ያው እዚሁ ነው። መጽሐፍ ሻጩም እዚያ ጥግ ቆሟል። ትምህርቱ አራት ኪሎ፣ ማተሚያው አራት ኪሎ፣ መጽሐፉ አራት ኪሎ! ያንተን እውቀት ሚዛን ላይ ብናወጣው ግን ሩብ ኪሎ አይሞላም፤ ከነፌስታሉ!

ጥፋቱንም ለአንድ ቤት አልሰጠውም። ዓውደ ምሕረቱም ላይ አለ፣ አዳራሹም ውስጥ አለ። አንዱ ጋ ሊቁ ከኋላ ተቀምጦ ጉሮሮ ያለው ልጅ ማይክ ይይዛል። ሌላው ጋ ዓመታት ነገረ መለኮት የተማረው ወንድም ወንበር ይደረድራል፤ መድረኩን በሕልሙ የተሾመ ይቆጣጠረዋል። ጫማው ብቻ ነው የሚለየው!

«ሕዝቡ ግን ረጅም ትምህርት አይችልም፤ ያንቀላፋል!»

የትኛው ሕዝብ? ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ቆሞ ዘጠና ደቂቃ የሚያየው? ጭማሪ ሰዓት ሲሰጠው እልል የሚለው? ያ ያንቀላፋል ያልከው ወጣት፣ አርሰናል ለምን ተሸነፈ ብለህ ጠይቀው። አሰላለፉን፣ ቅያሪውን፣ የዳኛውን ፊሽካ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ከነበረው ቡድን ጋር እያስተያየ ያፍታታልሃል። «አንድም» ይላል! «ለምን ቢሉ» ይላል! ጭንቅላቱማ እንደ የኔታ ተማሪ ይሠራል፤ የሚያኝከው ያጣ ጥርስ ነው የሆነው። ካንቀላፋም ያንተው ሰባኪ ስለደገመው ነው፤ ያንኑ «ተቀበል» በየእሑዱ! የተቀበልነውን የት እናስቀምጠው?

ነህምያ 8ን አንብብ። ዕዝራ በእንጨት መድረክ ላይ ቆመ፤ ወንድ፣ ሴት፣ የሚያስተውል ሁሉ ተሰበሰበ። ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉ ተነበበ። ቆመው ነው የሰሙት! ሌዋውያኑም ዝም ብለው አልቆሙም፤ ሕዝቡ የሚነበበው እንዲገባው ይተረጉሙለት ነበር። ያኔ ሕዝቡ አለቀሰ። አየህ፣ እዚያ ያስለቀሰው መግባቱ ነው። ኪቦርድ አልነበረም! መብራት አልደበዘዘም! ገብቶት ያለቀሰው ሕዝብ አለቆች በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ፍለጋ ወደ ዕዝራ ተሰበሰቡ። ያንተ ጉባኤ አልቅሶ ወጣ፤ ምን አስለቀሰህ ሲባል «ጭሱ» አለ።

«እኛ እንሻላለን፤ እነዚያ ናቸው መጽሐፉን ያጣመሙት!»

ይኸው፣ መጣህልኝ! ሰባኪ ብዬ ስጠራው የኖርኩት ሰው ለካ ሰባቂ ነው! ከአንድ ሰዓት ስብከት ሃምሳ ደቂቃው የጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ሐሜት፣ አሥሩ ማስታወቂያ። ወንጌሉ በየትኛው ደቂቃ ይግባ? የሌላውን ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ስትቆጥር የራስህ ቤት ግድግዳ የለውም።

እነዚያ የምትላቸውም እነዚህ የምትላቸውም የሚይዙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኩ ከማን እንደሚነሣ ልንገርህ። ከጎጃሙ ሰው፣ ከአቡ ሩሚ። ካይሮ ላይ፣ አስሊን ደ ሼርቪል ከሚባል የፈረንሣይ ቆንስላ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ አሥር ዓመት ተረጎመ። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ይዘጋል፤ እንግዳ አይገባም። ዓረብኛው በዝግታ ይነበባል፣ አቡ ሩሚ የከበደው ቃል ይብራራለታል፣ ዕብራይስጡና ጽርዑ ይመሳከራል፣ ከዚያ በአማርኛ ይጻፋል። 9,539 ገጽ! በ1818 እ.ኤ.አ. አለቀ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ በወረርሽኝ ሞተ። የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ገዝቶ በ1840 እ.ኤ.አ. ሙሉውን አሳተመው። አስበው! አንድ የጎጃም ሰው ለዚህ መጽሐፍ አሥር ዓመት ቅዳሜውን ሰጠ። ሰባኪህ ለእሑዱ ቅዳሜን ሰጠ? ርዕሱን የመረጠው ታክሲ ውስጥ ነው፤ ጥቅሱን የመረጠው ሲወርድ ነው፤ ሐሳቡን ደግሞ ታክሲው ውስጥ ረስቶታል!

አሁን የመጨረሻ ጥይትህን አወጣህ። «ጠያቂ ሁሉ ተጠራጣሪ ነው! የእግዚአብሔርን ሰው አትመርምር!»

የሐዋርያት ሥራ 17 ላይ የቤርያ ሰዎች አሉ። አንድ ሰባኪ መጣባቸው። ቃሉን በደስታ ሰሙት፤ ሰምተውም ነገሩ እንዲህ ይሆንን ብለው በየቀኑ መጻሕፍትን መረመሩ። ሉቃስም ልበ ሰፊዎች ናቸው ብሎ አመሰገናቸው። የመረመሩት ማንን እንደሆነ ታውቃለህ? ጳውሎስን! ሐዋርያውን! ጳውሎስ ሲመረመር ካልተቆጣ፣ ያንተ ሰው «የት ተጽፏል?» ሲባል ለምን ደሙ ይፈላል? ከጳውሎስ ይበልጣል በለኝና ሰፈሩ ይስማህ!

ዝም አልክ። ሊስትሮው ግን ዝም አላለም፤ ብሩሹን በሣጥኑ ላይ ኳ ኳ አድርጎ «ቀጣይ እግር!» አለህ።

እማማ በረካውን ቀዱልህ። ሲኒውን እያቀበሉህ ቀስ ብለው ጠየቁ። «ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ያ የኤርምያስ ደብዳቤ የተጻፈው ለማን ነው?»

«ለእኔ!» አልክ፤ ከሰማኸው ሁሉ ተርፎህ።

«ላንተ ከሆነ ሰባ ዓመትህን ቆጥረህ ና» አሉህ እማማ። «የቡናውን ግን ዛሬ ክፈል።»

ስልክህን አወጣህ። «በቴሌብር ይሆናል?»

«ይሆናል፤ ቁጥሩን ልንገርህ?»

ሊስትሮው ከሥር ሆኖ ጮኸ። «እማማ፣ ምዕራፉንም አብረው ይንገሩት!»